ምን ጎደለ? ወይስ ማን አጎደለ?

አማርኛችን አንዳንዴ አንዱን ቃል ሁለት ሸክም አሸክሞ መንገድ ያስወጣዋል። «ጎደለ» ከእነዚህ ቃላት አንዱ ነው። ጨረቃ ትጎድላለች፤ ወንዝ በበጋ ይጎድላል፤ እንግዳ ሲበዛ ወንበር ይጎድላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥፋተኛ የለም፤ ጨረቃን የሚከስ፣ ወንዝን የሚያስር አልተፈጠረም። ቃሉ ከሒሳብ ክፍል ደጃፍ ሲደርስ ግን ጠባዩ ይለወጣል። «ጉድለት ተገኘበት» የተባለ ገንዘብ ያዥ፣ ነገሩ ተጣርቶ ነጻ ቢወጣ እንኳ፣ ሰፈሩ ስሙን በጠራ ቁጥር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እዚህ ላይ ጎደለ ማለት ጠፋ ማለት ብቻ አይደለም፤ ተወሰደ ማለት ነው። ተወሰደ ከተባለ ደግሞ ወሳጅ አለ።

ኮምፒውተር ይህን አያውቅም። ፈረንጅ ሠርቶ የሰጠን የሒሳብ ፕሮግራም አንድ ቀን ጠዋት አልከፈት ብሎ፣ በስክሪኑ መካከል ባለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ «አንድ አካል ስለ ጎደለ ፕሮግራሙ ሊነሣ አልቻለም» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሲደቅንብን፣ እሱ የሚናገረው እንደ ጨረቃው ነው። እኛ የምንሰማው እንደ ገንዘብ ያዡ ነው። ዛሬ ለአንባብያን ላወጋ የፈለግሁት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ርቀትና፣ አንድ የማውቀው ሰው በዚያ ርቀት ውስጥ ወድቆ ሊቀር ስለ ተቃረበበት ሳምንት ነው።

በቅድሚያ ግን ይህ «አካል» የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ እንነጋገር። ፕሮግራም ከውጭ ሲያዩት እንደ አንድ ወጥ ጋቢ ይመስላል። ውስጡ ግን ድግስ ነው። ሠርግ የደገሰ ሰው ድንኳኑንና ብረት ድስቱን ከእድር ያመጣል፤ ብርጭቆውን ከጎረቤት ይዋሳል፤ ጠላውን የምትጠምቀው ሌላ፣ ወጡን የምትሠራው ሌላ ናት። ሁሉንም ራሴ ልግዛ ቢል ድግሱ ሳይደርስ ይደኸያል። ፕሮግራም ጸሐፊዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሪፖርት በወረቀት ላይ የሚያትመውን፣ ቀን የሚቆጥረውን፣ መዝገቡን ከዲስክ ላይ የሚያነበውን ክፍል እያንዳንዱ እንደ አዲስ አይጽፈውም፤ አንድ ጊዜ ተጽፎ ብዙዎች የሚጋሩት፣ የራሱ ስምና የራሱ ፋይል ያለው አካል አለ። በዊንዶውስ ዓለም የእነዚህ ፋይሎች ስም ብዙውን ጊዜ በነጥብና «ዲኤልኤል» በሚሉት ፊደላት ይጨረሳል። ፕሮግራሙ ሲነሣ ስማቸውን እየጠራ ይሰበስባቸዋል። በራሱ ፎልደር ይፈልጋል፤ በዊንዶውስ ፎልደሮች ይፈልጋል፤ መንገዱ በተጠቆመለት በሌላም ቦታ ይፈልጋል። አንዱ «አቤት» ካላለ ይቆማል። ድንኳን ሳይመጣ ድግስ አይጀመርም።

የእድር ዕቃ ጣጣም አያጣውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዊንዶውስ ባለሙያዎች «የዲኤልኤል ገሃነም» የሚሉት በሽታ ነበር። አንዱ ደጋሽ የእድሩን ትልቅ ብረት ድስት ወስዶ በምትኩ የራሱን ትንሽ ድስት ይመልሳል እንበል። ቀጣዩ ደጋሽ «ድስት አለ» ብሎ ይጥዳል፤ ወጡ ይገነፍላል። በሽታውም እንዲህ ነበር። አዲስ ፕሮግራም ሲገባ የጋራውን አካል በሌላ እትም ይተካዋል፤ ትናንት ደኅና የነበረው ሌላው ፕሮግራም ዛሬ ይወድቃል። ስሙ አለ፣ ዕቃውም አለ፤ ግን ያ ዕቃ አይደለም።

ይህ የድሆች አገር ችግር ብቻ የሚመስለው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 የሆነውን ላስታውስ። አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ ከአንድ ኩባንያ ጋር በስም ጉዳይ ተጋጭቶ ተናደደና፣ ለዓለም በነጻ ያካፈላቸውን ሥራዎቹን ሁሉ ከጋራው ጎተራ አነሣቸው። ከእነዚህ አንዷ 11 መስመር ብቻ ያላት «ሌፍት ፓድ» የምትባል ቁራጭ ነበረች። ሥራዋም በአንድ ጽሑፍ ግራ በኩል ባዶ ቦታ መሙላት ብቻ ነው። ያችን ቁራጭ በቀጥታም ሆነ በዘመድ አዝማድ የሚጠሩ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች፣ የታላላቅ ኩባንያዎቹ ጭምር፣ በዚያ ቀን «አካል ጎደለ» ብለው ቆሙ። ብዙዎቹ ባለቤቶች እንዲህ ያለች ቁራጭ በቤታቸው ውስጥ መኖሯን ያወቁት ስትጠፋ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ጉድለቱ ከፋብሪካው አብሮ የመጣበት ዘመን ረጅም ነው። ዕድሜው የሚፈቅድለት አንባቢ ያስታውሳል። አንዱ መሥሪያ ቤት በአንድ ዓይነት የግዕዝ ፊደል ጽፎ በዲስኬት የላከውን ደብዳቤ፣ ያ ፊደል የሌለው ሌላው መሥሪያ ቤት ሲከፍተው የሚያየው የላቲን ፊደልና የጭረት ዝባዝንኬ ነበር። ደብዳቤው አለ፤ የሚያነበው አካል የለም። ፊደላችን በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የራሱን ቋሚ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዊንዶውስ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል ይዞ ለሕዝብ ገበያ የወጣው ገና በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። እስከዚያ ድረስ የኢትዮጵያ ጸሐፊዎች ሁሉ አካል ጠጋኞች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጳጉሜን ነገርም አለ። በአገራችን ሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ ስሙ እንደ ካልኩሌተር የተለመደው ፒችትሪ፣ በኋላ ሴጅ 50 የተባለው፣ የተሠራው 13 ወር ላለው ሕዝብ አይደለም። ይሁንና ፕሮግራሙ የበጀት ዓመቱን እስከ 13 ክፍለ ጊዜ ድረስ መክፈል ይፈቅዳል። ይህ የተደረገው ለጳጉሜን ታስቦ ሳይሆን በየአራት ሳምንቱ ሒሳባቸውን ለሚዘጉ የውጭ ድርጅቶች ነው፤ 13 ጊዜ አራት 52 ሳምንት ይሆናልና። የእኛ ሒሳብ ሠራተኛ ግን ቀዳዳዋን አየ። ሐምሌ 1 ቀን በፈረንጆቹ ጁላይ 8 መሆኑን ይዞ፣ ገሚሱ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ጠቀለላት፤ ገሚሱ ደግሞ 13ኛውን ክፍል ሰጣት። በሰው ቤት ውስጥ የራስን ዕቃ ማስቀመጫ ማግኘት ማለት ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት የሒሳብ ሠራተኛ ማለት ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ለማሳየት ነው። አሁን ወደዚያ ሳምንት ልሂድ።

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ስለ ማሾ ንግድ አንድ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ወደ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ያስደርባል፤ ጣርማ በር ላይ ጉሙ መኪናውን ይውጠዋል፤ ከዚያም ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ ያበጀው፣ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ዋሻ ይመጣል። በዋሻው ሲወጡ ሌላ አገር ነው። ደብረ ሲናን፣ አርማንያን እያለፉ በዚያ ጥምዝምዝ ሲወርዱ ጋቢው ይወልቃል፤ ሹራቡ ይወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ሸሚዝም ይከብዳል። የይፋት ቆላ በዚያ ወር ማሾውን እያነሣ፣ ማሽላውን ለማጨድ ዓይኑን እየጣለ ነበር።

ያረፍሁት አክስቴ ቤት ነው። ባሏን ጋሼ ነው የምለው። ጋሼ በአንድ የእህል ነጋዴ ዘንድ ሒሳብ መያዝ ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። የጀመረው በካርቦንና በትልቁ ሌጀር ሲሆን፣ ነጋዴው ኮምፒውተር ሲገዛ በጎልማሳነቱ ተምሮ ወደ ማሽን ዞረ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ትልቁ ግብር ከፋይ የዓመቱን ሒሳብ በአራት ወር ውስጥ እንዲያቀርብ ያዛል። እንደ ነጋዴው በጀት ዓመቱን በሰኔ ለሚዘጋ፣ ያ ማለት እስከ ጥቅምት 30 ቀን ነው። የዚያ ዓመት ጥቅምት 30 እሑድ ይውል ነበር። ሳጥኗ በስክሪኑ ላይ ብቅ ያለችው ሰኞ ጥቅምት 24 ቀን ጠዋት ነው።

ነጋዴው «ምንድን ነው የሚለው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ እንግሊዝኛውን እንዳነበበው ተረጎመለት፤ «አንድ ነገር ጎድሏል ይላል።»

ሊል የሚችለው ትክክለኛው ትርጉም ይኸው ነበር። ነጋዴው «የማን ነገር?» አለ። ከዚያ በኋላ ቃሉ በራሱ እግር ሄደ። መጋዘን ሲደርስ «ሒሳቡ ጎድሏል» ሆነ። ቁርስ ቤት ሲደርስ «መዝገቡን አጥፍቶታል» ሆነ። ከሰዓት በኋላ የነጋዴው ወንድም መጣ፤ ወንበር ስቦ ከጋሼ አጠገብ ተቀመጠና ዝም ብሎ እጁን ያይ ጀመር። ዕቃ የጠፋበት ሰው እናቱን እንኳ ይጠረጥራል ይባላል። እነሱም ክፉዎች ሆነው አይደለም። የዓመቱ ደረሰኝ፣ የገበሬው ቅድሚያ ክፍያ፣ የለቃሚው የቀን ሒሳብ ሁሉ በዚያች ሳጥን ጀርባ ነበር። ለእነሱ ያልተከፈተ ማሽንና የተደበቀ መዝገብ አንድ ናቸው።

ማታ ጋሼ እራት አልበላም። «አንተ ልጅ፣ ጋዜጠኛ ነህና ሰው ታውቃለህ፤ ይህን ነገር የሚያውቅ ፈልግልኝ» አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ብር ያላሳሳተ ሰው፣ የማያውቀው ፋይል ስም አንገቱን ሲያስደፋው ማየት ያሳዝናል።

የመጀመሪያው ጠጋኝ በማግሥቱ ጠዋት መጣ። ሳጥኗን አንብቦ እንኳ አልጨረሰም፤ «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» አለ። ፎርማት በአገራችን የኮምፒውተር ሁሉ ጸበል ሆኗል። ራስ ምታትም ቢሆን፣ ቁርጠትም ቢሆን ይረጫል። ልዩነቱ፣ ጸበሉ የታመመውን ያድናል፤ ፎርማት ግን ዲስኩን ከነያዘው አጥቦ ያስረክባል። የዓመቱ ሒሳብ የተቀመጠው ደግሞ ከፕሮግራሙ ጋር በዚያው ዲስክ ላይ ነበር። ሰውየው ሲዲውን ሊያስገባ ሲል ጋሼ ተነሥቶ ማብሪያውን ነቀለ። ይህም ሌላ ወሬ ወለደ፦ «እንዳይጠገን ከለከለ።»

ሁለተኛዋ በከተማዋ ውስጥ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጥገና ቤት ያላት ወጣት ነበረች። እሷ ገብታ ማሽኑን አልነካችም። መጀመሪያ ወረቀት ጠየቀች። በሳጥኗ ውስጥ ያለውን ዓረፍተ ነገር ፊደል በፊደል፣ ነጥቡንም ቁጥሩንም ሳታስቀር ገለበጠች። ከዚያ ጥያቄዋን ጀመረች።

«ጋሼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በደኅና የከፈቱት መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ማታ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም።»

«ከዚያ እስከ ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ላይ ምን ሆነ? መብራት ሄዷል? አዲስ ነገር ተጭኗል? ፍላሽ ገብቷል? ሌላ ሰው ተቀምጦበታል?»

ልብ በሉ፤ «ማን ነካው» ብላ አልጀመረችም። መቼ ብላ ነው የጀመረችው። ሰው «ማን» ተብሎ ሲጠየቅ ይሸሸጋል፤ «መቼ» ተብሎ ሲጠየቅ ያስባል። የነጋዴው ወንድም ያኔ ነበር ዝምታውን የሰበረው። እሑድ ልጁ ፊልም ሊያይ ፍላሽ ሰክቶ እንደ ነበር ትዝ አለው። ልጅ ነው፤ ማንም አልቆጣውም። ለሁለት ቀን ሲፈለግ የነበረው «ወሳጅ» ግን በድንገት የቤት ልጅ ሊሆን ስለ ደረሰ፣ የክፍሉ አየር ረገብ አለ።

ቀጥላ ያደረገችው ነገር ጋሼን ያዳነው ነው ብዬ አምናለሁ። ፕሮግራሙን ተወችውና መዝገቡ የተቀመጠበትን ፎልደር ፈልጋ ከፈተች። ነጋዴውን ጠርታ አሳየችው። የፋይሎቹ መጠን ይኸውና፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተጻፈባቸው ቀን ቅዳሜ፣ ሰዓቱም ጋሼ ያለው ሰዓት። «መነጽሩ ነው የተሰበረው፤ መጽሐፉ አልተቃጠለም» አለችው። በራሷ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ላይ ሁለት ጊዜ ገልብጣ፣ አንዱን ለነጋዴው፣ አንዱን ለጋሼ ሰጠች። የዚህን ቀላል ነገር ክብደት ስንቶቻችን እናውቃለን? ፕሮግራሙ ሌላ ነው፤ በፕሮግራሙ የተጻፈው ሌላ ነው። ፕሮግራም በገንዘብ ይገዛል፤ የአንድ ዓመት ደረሰኝ ግን የትም ሱቅ አይሸጥም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጎደለው አካል የዞረችው። ማሽኑ ላይ አንቲ ቫይረስ የሚባለው ጠባቂ ነበር። ጠባቂው የሚጠረጥራቸውን ፋይሎች የሚያስርበት ክፍል አለው፤ ከዚያም ዝርዝር ይይዛል። ዝርዝሩ ሲከፈት የጎደለው ፋይል ስሙ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ቁጭ ብሎ ተገኘ፦ እሑድ ከሰዓት፣ ከፍላሹ መግባት ጥቂት ደቂቃ በኋላ። አልጠፋም፤ አልተሰረቀም። ታስሮ ነበር።

እኔ ባለማወቄ «እንግዲያው ይፈታ!» አልሁ። ልጅቷ ሳቀች። «ወንድሜ፣ ለምን እንደ ታሰረ ሳይታወቅ?» ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ፕሮግራም ከአንድ ዘመድ ማሽን የተገለበጠ እንጂ የተገዛ አልነበረም። ሳይገዙ እንዲሠራ የሚያደርገው «ክራክ» የሚሉት ዘዴ ደግሞ ከአካላቱ አንዱን ከፍቶ ውስጡን ለውጦት ነበር። ጠባቂው የፍላሹን ቫይረስ ሲያሳድድ ይህንም አገኘው። ቫይረሱ ገብቶበት ይሁን ወይም ድሮውንም መልኩ የሌባ ስለሚመስል፣ ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ የባለቤት ጥበቃ ያገኘው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ነው። አዋጁ በስንቱ ሱቅ እንደሚታወቅ ለአንባቢ ግምት ልተወው። ጠባቂው ግን ሳያውቀው አዋጁን አስከብሮ ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ስለ ነበር ያንኑ ፋይል ከዚያ አምጥታ ሞከረች። የት እንደምታስቀምጠው ስትፈልግ ያየሁት ነገር እስካሁን ያስቀኛል። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የ64ቱ ዕቃ የሚቀመጥበት ፎልደር ስሙ «ሲስተም 32» ሲሆን፣ የ32ቱ ዕቃ የሚቀመጥበት ደግሞ ስሙ በ64 ያልቃል። ፈረንጅም ለካ የራሱ ጳጉሜን አለው! ፋይሉ ቦታው ገባ፤ ፕሮግራሙ ተነካ፤ ሳጥኗ እንደገና ብቅ አለች። ጋሼ ራሱን ያዘ። ልጅቷ ግን ወረቀቷን አወጣች፤ «ጋሼ፣ አይዘኑ፤ ስሙ ተለውጧል።» እውነትም አሁን ጎደለ የሚለው ሌላ ፋይል ነበር። የመጀመሪያው ተገኝቶ እሱ ራሱ የሚጠራው ረዳት ግን አልተገኘም፤ የመጋዘኑ ፕሮግራም የቀድሞው እትም ስለ ሆነ ረዳቶቹ የተለያዩ ናቸው። እኔ ተመሳሳይ ሳጥን ነው ያየሁት፤ እሷ ያየችው አንድ ደረጃ ነው። «ቃሉ ከተለወጠ መንገድ ላይ ነን» አለች። እዚያ ላይም ቆመች። ከኢንተርኔት ላይ የማይታወቅ ሰው የጫነውን ፋይል አውርዶ መለጠፍ ሌላ እንግዳ ማስገባት ነው ብላ እምቢ አለች።

የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ትክክለኛውን ቅጂ ገዝቶ፣ ማሽኑን ከቫይረሱ አጽድቶ፣ ፕሮግራሙ የራሱን አካላት ራሱ እንዲያሟላ ማድረግ። ነጋዴው ዋጋውን ሲሰማ «ለአንድ ሲዲ?» ብሎ ጮኸ፤ በማሾ ኩንታል እያባዛ አሰላው። ሲጨርስ ግን ተስማማ። ሲዲው ረቡዕ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከ። ረቡዕ ግን አልደረሰም፤ ጣርማ በር ላይ ከባድ መኪና ተሰናክሎ ዋሻው ከግራም ከቀኝም ተዘግቶ ዋለ። በዚያች ቀዳዳ መዘጋት ስንት መኪና፣ ስንት በሽተኛ፣ ስንት ሽንኩርት ተሰልፎ እንደ ዋለ የመንገዱ ደንበኛ ይገምተው። መንገዱ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ይቆጠራል፤ የጎደለው ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። ማንም ግን «ሾፌሩ መንገዱን ወሰደው» አላለም። ሁሉም የጠየቀው «የት ጋ ነው? መቼ ይነሣል?» ብሎ ነው። ለመንገድ የምንጠይቀውን ጥያቄ ለሰው መጠየቅ ለምን እንደሚያቅተን በዚያ ምሽት አሰብሁ።

ሐሙስ ሲዲው ገባ። ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ መዝገቡም እንዳለ ታየ። ጋሼ ሁለት ሌሊት ሠርቶ ቅዳሜ ጥቅምት 29 ቀን ሒሳቡን አስረከበ።

ይቅርታ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። ነጋዴው ትከሻውን መታ አድርጎ «እኔ እንኳ ድሮም አልጠረጠርሁህም» አለው። ወንድምየው ቡና ጋበዘው። ቁርስ ቤቱ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀምሯል። ጋሼ ግን ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ለወጠ። በየማታው ከመውጣቱ በፊት የቀኑን ጠቅላላ ድምር በወረቀት አትሞ ነጋዴውን ያስፈርማል። ማሽኑ ተጠግኗል፤ ፕሮግራሙም ሕጋዊ ሆኗል። ሃያ ዓመት ያለ ፊርማ የኖረ መተማመን ግን የሚጫንበት ሲዲ አልተገኘለትም። «ጋሼ፣ ለምን ትደክማለህ?» ብለው፣ «ማሽን ሲወድቅ ምን እንደ ጎደለው ይናገራል፤ ሰው አይናገርም» አለኝ።

ስለ ጠባቂውም አንድ ነገር ልጨምር። ጠባቂ ራሱ ጉድለት ሊሆን እንደሚችል ዓለም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በሰፊው ዓይቷል። ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ኩባንያ ለደንበኞቹ የላከው አንድ የተበላሸ ፋይል በማይክሮሶፍት ግምት 8 ሚሊዮን ከ500 ሺህ የሚሆኑ ማሽኖችን ጣለ፤ አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፤ ሆስፒታሎች ወደ ወረቀት ተመለሱ። በዚያን ዕለት የሠለጠነው ዓለም ባለሙያ ያደረገው የሸዋ ሮቢቷ ልጅ ያደረገችውን ነው። መልእክቱን አነበበ፤ «ከመቼ ጀምሮ?» አለ፤ «በዚያ ሰዓት ምን ተለወጠ?» አለ። ፋይሉንም አገኘው።

ከእነዚያ ሁለት ዲስኮች ነገር ደግሞ ሳልናገር አልለፍ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አዳረሰ። እነ ጋሼም እንደ ብዙው ነዋሪ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሹ፤ ያንን ዋሻ በእግርና በተገኘው መኪና ያለፈው ሕዝብ ብዛት የሚረሳ አይደለም። ሲመለሱ ሱቁ ተሰብሯል፤ ኮምፒውተሩ ከነጠረጴዛው የለም። በነጋዴው እጅ የነበረው ዲስክም አብሮ ሄዷል። ሁለተኛውን፣ ጋሼ በየወሩ እያደሰ የሚያኖረውን፣ አክስቴ ከቤቱ ካርታና ከልጆቹ የምስክር ወረቀት ጋር በመቀነቷ አስራ ወስዳው ነበር። ከማን ስንት ኩንታል ተገዝቶ ያልተከፈለው ገበሬ፣ ከነጋዴው ብድር የወሰደው ሁሉ በእሱ ላይ ነበር። በዚያ ዓመት ገንዘቡን ያገኘ ገበሬ ያገኘው በዚያች ዲስክ ነው። ያን ጊዜ «ምን ጎደለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ መዝገብ ነበር። መዝገብ ያልተረፈላቸው ሱቆች የጠየቁት ሌላውን ጥያቄ ነው፤ ስንት ሽማግሌ እንደ ፈጀ የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሱቁ፣ በየማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ሒሳብ ሠራተኛ አለ። የሚሠራበትን ማሽን እሱ አልመረጠውም፤ ፕሮግራሙን እሱ አልጻፈውም፤ ውስጡ ስንት አካል እንዳለ የነገረውም የለም። አንድ ቀን ጠዋት ያች ሳጥን ትመጣበታለች። አለቆች ሆይ፣ በዚያ ጠዋት ወንበር ስባችሁ አጠገቡ ከመቀመጣችሁ በፊት ሳጥኗን እስከ መጨረሻው አስነብቧት፤ በወረቀት ላይ አስገልብጧት፤ መዝገቡን በሌላ ዲስክ አስቀዱ። ከዚያ «መቼ ጀመረ?» በሉ። ማን የሚለውን ጥያቄ ለማንሣት ጊዜ ሞልቷል፤ አንዴ ከአፍ ከወጣ በኋላ ግን መመለሻ የለውም።